ለምለሙን የማይነካ አንበጣ

እትዬ አስካለ የጠየቁኝ አጭር ጥያቄ ነበር። መልሱም እጄ ላይ በነበረው መጽሐፍ፣ ጣቴን አስገብቼ በያዝኩት ገጽ ላይ ተጽፎ ነበር። አልመለስኩላቸውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ዓመታት አልፈዋል፤ ነገሩን ከሥሩ አንስቼ ለሰው ስናገር ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አንበጣው ወደ ይፋት ቆላ በወረደበት ዓመት ሸዋ ሮቢት ውስጥ የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ አላገባሁም፤ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ያደግሁት ከጣርማ በር በላይ፣ ደጋው ላይ ስለሆነ የቆላው ሙቀት ያደክመኝ ነበር። እሑድ እሑድ ግን ድካም የሚባል አላውቅም። ከቅዳሴ በኋላ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ የዮሐንስን ራእይ አስተምር ነበር።

አስተምር ነበር ልበል እንጂ እኔ ራሴ ከማንም አልተማርኩትም። ከመጻሕፍት መምህር እግር ሥር አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አላውቅም። ስልኬ ላይ የጫንኳቸውን ስብከቶች ማታ ማታ እሰማለሁ፤ አውሬው ማን እንደሆነ፣ መለከቶቹ የትኛው ጦርነትና የትኛው በሽታ እንደሆኑ በደብተሬ እጽፋለሁ፤ እሑድ ይዤው እቀርባለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ሃያ ሰው ቢመጣ ነው። ዘመኑ እየከፋ ሲሄድ አዳራሹ ሞላ፤ ከዚያም ሰው በመስኮት ቆሞ መስማት ጀመረ። ከገጠር ቀበሌዎች ሳይቀር ሰው በእግሩ እየተነሳ ይመጣል። ሰው ሲፈራ ዝም ይላል። እኔ ያንን ዝምታ የመንፈስ ቅዱስ ሥራ አድርጌ ቆጠርኩት።

አንበጣው ከአፋር በኩል ተነስቶ ወደ እኛ እየመጣ ነው የተባለ ሰሞን፣ «አምስተኛው መለከት ተነፍቷል» ብዬ አስተማርኩ። ከጥልቁ ጉድጓድ ጭስ ወጣ፣ ከጭሱም አንበጣ ወጣ የሚለውን አነበብኩ። ቀጥዬም፣ «ይህንን በጅራፍና በቆርቆሮ የምታባርሩት እንዳይመስላችሁ!» አልኩ። አዳራሹ ጸጥ አለ። አንዲት ሴት ስታለቅስ ተሰማኝ። ደስ አለኝ። ልዋሽ አልፈልግም፣ ደስ አለኝ።

በማግሥቱ ሰኞ ክፍል ገብቼ የአንበጣን እድገት ሰሌዳው ላይ ሣልኩ፤ እንቁላል፣ ኩብኩባ፣ ከዚያ ክንፍ ያወጣው። የሺ የምትባል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይኼ ከእንቁላል የሚወጣው ነው ወይስ እሑድ ያሉት ከጉድጓድ የሚወጣው?»

ክፍሉ ሳቀ። «ይኼ ሳይንስ ነው፤ ያ ደግሞ እምነት ነው» ብዬ አለፍኩት። ልጅቷ ግን አልሳቀችም ነበር።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ያቺው የሺ በሬን አንኳኳች። ፊቷ በአቧራና በላብ ተለውሷል። ቤታቸው ቀወት ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ እስከ ባጃጁ ድረስ በሩጫ እንደመጣች ነገረችኝ።

«ቲቸር፣ አባባ አልነሳም አለ።»

«የት አልነሳም አለ?»

«አንበጣው ከላይኛው ቀበሌ ደርሷል። ሰዉ ሁሉ ለማባረር ወጥቷል። አባባ ግን የእግዚአብሔርን ቁጣ በቆርቆሮ አልመልስም ብሎ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። እርስዎ ያሉትን ነው የሚለው። እማዬ መምህሩን ጠርተሻቸው ነይ ብላኝ ነው። እርስዎ ከነገሩት ይነሳል።»

መጽሐፍ ቅዱሴን አንስቼ ተከተልኳት። ባጃጁ ላይ ሆኜ የማስበው ስለ ማሽላው አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ገበሬ በእኔ ቃል ይህን ያህል መጽናቱ እየገረመኝ ነበር። ተማሪዬ አጠገቤ ተቀምጣ ጣቶቿን እያፍተለተለች፣ እኔ በልቤ እኮራ ነበር።

ባጃጁ ከቆመበት ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። የየሺ አባት ጋሼ ወንድይፍራው ከእርሻቸው ዳር፣ አንድ ትልቅ ግራር ሥር ተቀምጠዋል። አዳራሹ ውስጥ የማውቃቸው ሦስት ጎረቤቶቻቸውም አብረዋቸው አሉ። ማሽላው ፍሬውን ቋጥሮ አንገቱን ደፍቷል፤ ሦስት ሳምንት ቢያገኝ ለአጨዳ ይደርስ ነበር። ሲያዩኝ አራቱም ተነሱ።

«መምህር፣ እንደ ቃልዎ ሆነ» አሉኝ ጋሼ ወንድይፍራው፣ ጎንበስ ብለው። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው አንቱ ይሉኝ ነበር።

ልናገር አፌን ስከፍት ድንበርተኛቸው ጋሼ ሰይድ በማሽላው መሐል ብቅ አሉ። ልጆቻቸውንና ሚስታቸውን አስከትለዋል፤ ሁሉም ቆርቆሮና ጀሪካን ይዘዋል።

«ወንድይፍራው፣ ተነስ እንጂ! ያንተ ላይ ካረፈ የእኔንም አይምርም።»

«ሰይድ፣ ይኼ የመጣው ከላይ ነው። ከፈጣሪ ጋር ልታገል?»

«አላህ አንበጣውንም ፈጥሯል፣ ያንተንም እጅ ፈጥሯል። እጅህን አስቀምጥ ያለህ ማነው?» ብለው ወደ እኔ አዩ። መልስ ሳይጠብቁ ወደ እርሻቸው ተመለሱ።

ያን ጊዜ በምሥራቅ በኩል ሰማዩ ቡናማ ሆነ። ጭስ መስሎኝ ነበር። ጭሱ እየሰፋ መጣ፤ ፀሐይዋ ደበዘዘች፤ ከሩቅ በቆርቆሮ ጣራ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ያለ ድምፅ ተሰማ። የመጀመሪያዎቹ መጥተው ደረቴ ላይ ተለጠፉ። ከዚያ በኋላ መቁጠር የለም። መሬቱ፣ ቅጠሉ፣ የግራሩ ቅርንጫፍ ሁሉ ቢጫ ሆኖ መንቀሳቀስ ጀመረ።

የየሺ እናት እትዬ አስካለ ከቤት በኩል የመጡት ይህን ጊዜ ነው። ቀጠን ያሉ፣ ረጅም ሴት ናቸው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው አንድ የዘይት ቆርቆሮና ዱላ ይዘዋል። ባላቸውን አላዩም። ቀጥታ እኔ ፊት መጥተው ቆሙ።

«መምህር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ማሽላዬን ከአንበጣ ባስጥል እግዚአብሔር ይጣላኛል?»

ጥያቄው ይኸው ነበር።

አራቱ ሰዎች አፌን አፌን ያያሉ። «አይጣላዎትም» ብል ያለፈው እሑድ ፈረሰ፤ የሚመጣው እሑድም ፈረሰ። ባዮሎጂውን አውቃለሁ፤ መንጋ ማረፊያ ካጣ አልፎ እንደሚሄድ ለተማሪ አስተምሬያለሁ። «አላውቅም» ማለትም ይቻል ነበር።

«እትዬ አስካለ፣ ዋናው ነፍስን ማዳን ነው» አልኩ።

«እሱንስ አውቃለሁ» አሉ ዝግ ብለው። «እኔ የጠየቅሁት ስለ ማሽላው ነው።»

ጣቴን ገጹ ውስጥ እንዳስገባሁ መጽሐፉን ከደረቴ ጋር አጣበቅሁት። ትንሽ ጠበቁኝ፤ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲያው ከተጣላኝም ልጆቼን አብልቼ ይጣላኝ» ብለው ወደ ማሽላው ገቡ። የሺም ሮጣ ተከተለቻቸው።

ከስድስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግድም እዚያው ግራር ሥር ተቀምጠን ነበር። በጥላው ውስጥ እንኳ ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። እኔ አነብላቸዋለሁ፤ አንበጦቹ በገጹ ላይ ሲያርፉ በእጄ እጠርጋለሁ። የማኘካቸው ድምፅ ይሰማል። በማዶ የጋሼ ሰይድ ቤተሰብ ይጮሃል፤ ቅርብ ደግሞ የእትዬ አስካለ ቆርቆሮ። የእሳቸው ቆርቆሮ ድምፁ ወፈር ያለ ስለነበር ከሌላው ይለያል። አንድ ጊዜ ዝም አለ። ቀና ብዬ ሳይ ውሃ እየጠጡ ነው። ቀጠለ። ሁለተኛ ዝም አለ። ልጃቸው እጃቸውን ይዛ «እማዬ፣ ትንሽ ተቀመጪ» ስትል ሰማሁ፤ ምን እንደመለሱላት አልሰማሁም። ቆርቆሮው እንደገና ቀጠለ።

ሦስተኛውን ልብ ያልኩት እኔ አይደለሁም። አንብቤ ልጨርስ አንድ ሁለት መስመር ሲቀረኝ ጋሼ ወንድይፍራው ቀና አሉ።

«አስካለ ዝም አለች» አሉ።

የሺ ስትጮህ አምስታችንም እኩል ተነሳን።

በማሽላው መሐል በጀርባቸው ወድቀው ነበር። ዱላው ከእጃቸው አልወጣም። የደም ግፊት እንዳለባቸው፣ ፀሐይ ላይ እንዳይቆዩ እንደተነገራቸው የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ ልጃቸው እያለቀሰች ለአባቷ ስትጮህ። «አንተ ታውቅ ነበር! አባባ፣ ታውቅ ነበር!» ጋሼ ሰይድ ከማሽላ መጠበቂያው ማማ ሁለት እንጨት ነቅለው በጋቢያቸው ቃሬዛ ሠሩ። ተሸክመን ወደ መንገዱ ሮጥን። እኔ ከኋላ በግራ በኩል ይዤ ነበር። አንበጣው ፊታችን ላይ እየተጋጨ መንገዱን ይጋርድብናል። የታመመ ሰው ክብደት እንዲያ የሚቀል አይመስለኝም ነበር።

ባጃጁ ጋ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ጋሼ ሰይድ «አውርዱ» አሉ። አወረድናቸው። ጎንበስ ብለው በእትዬ አስካለ አፍንጫ ላይ እጃቸውን አደረጉ። ቆዩ። ቀስ ብለው «ኢና ሊላሂ» አሉና በመዳፋቸው ዓይናቸውን ከደኑላቸው።

ጋሼ ወንድይፍራው መሬት ላይ ተቀምጠው የሚስታቸውን ጫማ አስተካከሉ። ከእግራቸው ግማሽ ወልቆ ነበር። ሌላ ምንም አላደረጉም።

እሑድ፣ አዳራሹ ውስጥ ስድስተኛውን መለከት ላስተምር በሚጠበቅብኝ ሰዓት፣ የእትዬ አስካለን ቀብር ቆሜ አየሁ። ሰው ሲበተን የደብሩ የሐዲሳት መምህር የኔታ ጥበቡ በምልክት ጠሩኝ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በዱላ ነው የሚሄዱት። አዳራሹ ሲሞላ አንድም ቀን መጥተው አያውቁም ነበር፤ እኔም አንድም ቀን ሄጄ ጠይቄያቸው አላውቅም። ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ።

«የአንበጣውን ስፍራ አውጣና አንብብልኝ» አሉኝ።

አወጣሁ። አነበብኩ። ጉድጓዱን፣ ጭሱን፣ ከጭሱ የወጣውን አንበጣ። ቀጥሎ ያለው ቃል ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ።

«ለምን ቆምክ? ምን ይላል?»

አንበጦቹ ሣርን፣ ለምለሙን ሁሉ፣ ዛፍንም እንዳይጎዱ ታዘዙ ይላል። ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ግራሩ ሥር እንኳ ያን ቀን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አንበጣው ቅጠል ሲቆረጥም እየሰማሁ።

«ትናንት የመጣው ምን በላ?» አሉኝ።

«ማሽላ።»

«እንግዲህ» አሉ። ካህናቱ ሲያልፉ ጠብቀው ቀጠሉ። «ልጄ፣ ይህ ደብዳቤ ነው። በደሴት በግዞት ያለ ሰው በነገሥታት ለተጨነቁ ለሰባት አጥቢያ ምእመናን የላከው ነው። አንዱ ቆሞ ያነበዋል፣ ሌላው ቁጭ ብሎ ይሰማዋል፤ ሰምቶ አይዞኝ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንተ ግን ደብዳቤውን ከባለቤቶቹ ነጥቀህ ከመሐሉ ጀመርከው። ሰላምታውን አንድ ቀን አንብበህላቸው ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። ጸጋና ሰላም ለእናንተ ይሁን ብሎ እንደሚጀምር እንኳ ልብ ብዬ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ወደ አውሬውና ወደ መለከቱ ነበር የምዘለው።

«የተሰሎንቄ ሰዎችንም ያወካቸው ይኸው ነው» አሉ የኔታ። «ቀኑ ደርሷል የሚል ወሬ ገባባቸው። እንዲያውም ከሐዋርያው የተላከ የሚመስል ደብዳቤ ሳይደርሳቸው አልቀረም። ከእነሱ ውስጥ ሥራ ፈተው የሚዞሩ ነበሩ። ጳውሎስ ሁለተኛ ሲጽፍላቸው ምን አለ? አትናወጡ፣ በጸጥታ ሥሩ፣ የራሳችሁን እንጀራ ብሉ አለ። ስለ መጨረሻው ቀን የሚናገረው መልእክት ስለ ሥራና ስለ እንጀራ ተናግሮ ነው የሚያበቃው።»

«የኔታ፣ ለምን መጥተው አልገሰጹኝም?» አልኩ። ጥፋቴን የማካፍለው ሰው እየፈለግሁ ነበር።

«እሱን እኔም ከትናንት ጀምሮ ራሴን እየጠየቅሁ ነው» አሉ፤ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ።

ከዚያ ወደ ለቅሶው ድንኳን ሄድኩ። ጋሼ ወንድይፍራው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ጋሼ ሰይድ ሆነው ለሚመጣው ሰው ቦታ ያሳያሉ። ተንበረከክሁ።

«ጋሼ ወንድይፍራው፣ ያስተማርኩዎት ስህተት ነበር። መጽሐፉ እንደዚያ አይልም። እትዬ አስካለ ሲጠይቁኝ ልመልስላቸው ይገባኝ ነበር።»

ቁጣ ጠበቅሁ፤ እንዲያውም ተመኘሁ። ሲናገሩ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አሉኝ።

«ልጄ፣ አንተ ተሳሳትክ። እኔ ግን ባሏ ነበርኩ። ቆርቆሮ ለማንሳት መጽሐፍ ማወቅ አያስፈልግም ነበር።»

ቢመቱኝ ይሻል ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ አዳራሹ ውስጥ ቆሜ የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ። አንዳንዱ ወጥቶ ሄደ። አንድ ሰው «አስቀድመህ ሳታውቅ ለምን ተናገርክ?» ብሎ ጮኸ፤ ልክ ነበረ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቆሜ አላስተማርኩም። ሐሙስና ቅዳሜ ግን የኔታ ጥበቡ ጋ እሄዳለሁ። ስለ እነዚያ መልእክቶች ጸሐፊ፣ ስለ ተቀባዮቹ፣ ስለ ከተሞቻቸው፣ ስለ ጭንቀታቸው እየተማርን አንድ ሐረግ ላይ ሳምንት ቁጭ እንላለን። አስተውዬ ያየሁት ነገር ቢኖር የኔታ «ይህን አላውቀውም» ሲሉ ድምፃቸው እንደማይቀንስ ነው።

ከእርሻው ሁሉ የተረፈው እትዬ አስካለ ቆመው ያባረሩበት፣ ከጋሼ ሰይድ ድንበር በኩል ያለው ብቻ ነበር። የአርባቸው ተዝካር የወጣው ከዚያ ማሽላ ነው። እንግዳው ሲበተን ጋሼ ወንድይፍራው ጠሩኝና «ያን ደብዳቤ ከመጀመሪያው አንብብልኝ» አሉኝ። ከሰላምታው ጀምሬ አነበብኩላቸው። ሰባቱን አጥቢያዎች በየስማቸው ጠርቼ ስጨርስ አስቆሙኝ።

«እነዚህ ሰዎች ያርሱ ነበር?»

«አላውቅም፣ ጋሼ። የሚያርስ ግን አይጠፋባቸውም።»

«ያርሱ ነበር እንጂ» አሉ። «ደብዳቤውን ሰምተው ሥራ ቢተው ኖሮ በረሃብ ያልቁ ነበር። ሰዎቹ ካለቁ ደብዳቤውን ማን አስቀምጦ ለእኛ ያደርሰው ነበር?»

የኔታ ይህን ስነግራቸው «ይህን ከማንም መምህር አልሰማሁትም» አሉ። ሰውየው ይህን ያገኙት ግን ሚስታቸውን ቀብረው ነው።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ከእናንተ መካከል በሰው ፊት ቆሞ የሚያስተምር ይኖራል። በስልኩ ከሚሰማው ስብከት ተነስቶ ዘመኑን የሚተረጉምም አይጠፋም። ስለሚመጣው ነገር አትናገሩ አልልም፤ እኔም የክርስቶስን መምጣት ዛሬም አምናለሁ፤ ዘወትርም እጠብቃለሁ። ነገር ግን የምትናገሩትን የሚሰማ ሰው እርሻ አለው፣ ሕመም አለው፣ ሚስት አለችው። እናንተ አሳምራችሁ የጨረሳችሁት ዓረፍተ ነገር እሱ ቤት ሲደርስ ምን እንደሚሆን አታዩም። እኔ ግራሩ ሥር ተቀምጬ ስላየሁት ነው የምነግራችሁ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። የሺ ክፍሌ ውስጥ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ተማረች። እጇን ግን ዳግመኛ አላወጣችም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ልትሄድ ስትል መናኸሪያው አጠገብ ተገናኘን። ሻንጣዋን መሬት አስቀምጣ ቀጥ ብላ አየችኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እማዬ የጠየቀችዎት ቀን መልሱን አያውቁትም ነበር፣ ወይስ ፈርተው ነው?»

ሚኒባሱ ሰው እየጠራ ነበር። የሚያድነኝ መልስ የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ።

«ፈርቼ ነው» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ሻንጣዋን አነሳች፤ ገብታ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። መኪናው እስኪነሳ ቆሜ ጠበቅሁ። ወደ እኔ አልዞረችም።